ልጅ ታቅፎ በር ማንኳኳት

ሰኞ 4

አሥራ አንድ። ኃላፊያችን ዛሬ ጠዋት ነጩ ሰሌዳ ላይ በትልቁ የጻፋት ቁጥር ናት። ባለፈው አንድ ዓመት ልጅ የሚያሳድጉልን አሥራ አንድ አደራ ቤቶች ትተውን ሄደዋል፤ አዲስ የገቡት አራት ናቸው። «ማስገባቱን ትችሉበታላችሁ፣ ማቆየቱን ግን አልቻላችሁበትም» አለ። «አልቻላችሁበትም» ሲል ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። በዕድሜ ልጄ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ቁጥር ግን ያውቃል።

ወላጅ ያጣ ወይም ወላጁ ለጊዜው ሊይዘው ያልቻለ ልጅ ሲመጣ፣ ቤቱን የሚከፍትለት ሰው ፈልጎ ማግኘት የእኔ ሥራ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሠራሁት። በዘጠኝ ዓመት በእኔ እጅ የገባ ልጅ ቢሮ ወንበር ላይ አድሮ አያውቅም፤ ይህን አፌን ሞልቼ ነው የምናገረው። ሌሎቹ ስልክ ይደውላሉ፣ ይለማመጣሉ፣ «አስቡበትና ንገሩን» ይላሉ። እኔ ልጁን ይዤ በር አንኳኳለሁ። ብዙ አላወራም። ልጅ ዓይኑ ያየ ሰው በሩን ሲዘጋ አላየሁም። አዲሶቹ ሠራተኞች «የእሷ ዘዴ» ይሉታል አሉ። ይበሉ፤ ልጆቹ አልጋ ላይ ተኝተዋል።

ከስብሰባው ስንወጣ ኃላፊው ሥራ ሰጠኝ፤ ለአሥራ አንዱም ደውዬ ለምን እንደተዉ እንድጠይቅ። እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

ረቡዕ 6

የስምንት ወር ሕፃን፣ ሴት። እናቷ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ቶሎ የምትነሣ አይመስልም። መዝገቡ ላይ «ዘመድ» በሚለው ቦታ «አንድ አያት፣ የእናት አባት፣ በዕድሜ የገፉ» ተብሏል። «በዕድሜ የገፉ» የሚለውን አይቼ አለፍኩት። አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር፣ ዝናቡም ሊጥል አኮብኩቦ ነበር፤ ሽማግሌ ፍለጋ የሚዞርበት ሰዓት አልነበረም።

ስድስት ቤት ደወልኩ። ስድስቱም አይመቸንም አሉ። በስልክማ አይመቸኝም ማለት ምን ይከብዳል።

ስለዚህ ወደ እትዬ ሄድን። እትዬ የምላቸው ልብስ ሰፊዋን ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤታቸውን ለእኛ ልጆች ከከፈቱ አራት ዓመት ሆናቸው፤ ስድስት ልጅ አልፎባቸዋል። አንድ ቀን እንኳ ስልክ አንሥተው «ይህ ጎደለብኝ» ብለውን አያውቁም። ሰሌዳው ላይ ከቤታቸው ቁጥር ጎን አረንጓዴ ክብ አለ። አረንጓዴ ማለት ጠንካራ ቤት፣ ሄዶ ማየት ብዙም የማያስፈልገው ቤት ማለት ነው። ክቡን የሳልኩት እኔ ነኝ።

አሁን እሳቸው ጋ ያለችው አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ዓመት ከአራት ወር ሆናት። «ዳኛ» ነው የሚሏት፤ ዳቦ ሲቆረስ እንኳ የማን እንደሚበልጥ ሳትለካ አትበላም። ስትመጣ ቃል አይወጣትም ነበር። ከዚያ በፊት ከሁለት ቤት ወጥታለች። አሁን ግን ነገረኛ ሆናለች፤ አፍ ታስከፍታለች።

ሕፃኗን ታቅፌ፣ ሾፌራችን ቦርሳዋን ይዞ ከኋላዬ ቆሞ አንኳኳሁ። እትዬ በሩን የከፈቱት ስፒል በጥርሳቸው እንደነከሱ ነው፤ የተማሪ ቀሚስ ጫፍ ሲያጥፉ ደረስንባቸው። «እትዬ፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ፤ ሌላ ቤት እስካገኝላት» አልኩ። ሕፃኗን አዩ። እኔን አዩ። ከኋላችን የጀመረውን ዝናብ አዩ። ስፒል የነከሰ ሰው አይናገርም። እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጠኋቸው።

ዳኛ ከደብተሯ ቀና አለች። «ሁለት ሳምንት ስንት ቀን ነው?»

«አሥራ አራት።»

«ከዛሬ ጀምሮ ነው ወይስ ከነገ?»

ሾፌሩ ሳቀ። ከነገ ጀምሮ አልኳት።

ሐሙስ 7

ደወልኩ። «ደህና ነን» አሉ እትዬ። ከጀርባቸው ለቅሶ ይሰማል። ኃላፊው «በአንድ ሰዓት ውስጥ ቤት!» ብሎ በሰው ፊት አጨበጨበልኝ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

እሑድ 10

እህቴ መጥታ ዋለች። ልጄ ለትምህርት ርቃ ከሄደች ዓመት አለፋት፤ ክፍሏ እንደተዘጋ ነው። እህቴ ጃንጥላዋን ልታስቀምጥ ከፈተችውና «ይህን የመሰለ ክፍል እንዲሁ ባዶውን ይዋል?» አለች። ባዶ አይደለም። የልጄ መጻሕፍት አሉ። መስኮቱም በደንብ አይገጥምም፤ ለልጅ ይበርዳል። ደግሞ ሠራተኛ የራሱን ቢሮ ልጅ ወስዶ ማሳደግ አይፈቀድለትም። ይህን ሁሉ ስነግራት፣ «የሌላ ቢሮ ልጅስ?» አለች።

ሻይ ልጥድ ተነሣሁ። ከኩሽና ስመለስ ብቻዋን እየሳቀች ነው። «አንቺ ጋማ ማን ታቅፎ ይምጣ!» አለችኝ። ሳቅኩላት። ከልጅነቷ ጀምሮ አንደበቷ አያርፍም።

ለመስኮቱ አናጢ መጥራት አለብኝ።

ሐሙስ 14

አዲስ ቤተሰብ ለመመልመል የጠራነው ስብሰባ። የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ አርባ ወንበር፣ ስድስት ሰው። ከስድስቱ ሁለቱ ዝናብ ያስገባቸው ናቸው። ቢሆንም ተናገርኩ፤ የምለውን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማውቀው። የዘመድ ልጅ ለሚያሳድጉም ድጋፍ እንዳለን፣ በየጊዜው እየመጣን እንደምንጠይቅ፣ ማንም ብቻውን እንደማይቀር። አንዲት አሮጊት እንባቸውን ጠረጉ።

ከፊት የተቀመጠች ነርስ፣ ከነሥራ ልብሷ፣ እጇን አወጣች። «ስትጠይቁን አይመቸኝም ማለት ይቻላል?»

«በሚገባ! ምርጫው የእናንተ ነው።»

«ከዚያ በኋላስ ፊት አትነሱንም?»

«ኧረ በፍጹም!»

ሾፌራችን ከኋላ ወንበር እየሰበሰበ ነበር፤ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሰውዬው ጉንፋን አይለቀውም። ነርሷ ቅጽ ወሰደች። አልሞላችውም፤ አጣጥፋ ቦርሳዋ ከተተችው።

ረቡዕ 20

አሥራ አራቱ ቀን ዛሬ አለቀ። ሌላ ቤት አላገኘሁም። እውነቱን ልጻፍ ካልኩ፣ ከሦስተኛው ቀን በኋላ አልፈለግኩም። ሦስት ወንድማማቾች መጡብኝ፣ ከዚያ የአዳራሹ ስብሰባ፣ ከዚያ ሪፖርት። ጠዋት ለእትዬ ልደውል ስልኩን አንሥቼ መለስኩት። ብደውል «ቀን ይጨምሩልኝ» ማለት ሊኖርብኝ ነው። ካልደወልኩ ነገሩ እንዲሁ ይቀጥላል።

እሳቸውም አልደወሉም። የማይደውል ሰው ደህና ነው።

ማክሰኞ 26

ከአሥራ አንዱ ስምንቱን በስልክ አገኘኋቸው። ቅጹ ላይ ምክንያት የሚሆኑ አምስት ሳጥኖች አሉ፤ ጤና፣ የቤት ጥበት፣ የመኖሪያ ለውጥ፣ የቤተሰብ ጉዳይ፣ ሌላ። ዳቦ ጋጋሪዋ ወገቧን አሟታል። አስተማሪዎቹ ባልና ሚስት ቤት ሊያድሱ ነው፤ ዓምናም ሊያድሱ ነበር። አንዷ እናቷን ማስታመም ይዛለች። ሁሉም ጨዋ ናቸው፤ ሁሉም የእኔን ጤና ጠየቁኝ።

የድሮዋ አዋላጅ ብቻ ድምፄን እንደሰማች፣ «በር ላይ ነሽ እንዴ?» አለችኝ።

«ኧረ ከቢሮ ነው የምደውለው።»

«ተመስገን!» አለች።

ለተመስገን የሚሆን ሳጥን የለም። «የመኖሪያ ለውጥ» ላይ ምልክት አደረግኩላት።

ዓርብ 29

ከሾፌሩ ጋር መንገድ ተዘግቶብን ቆመን ነበር። «ለሁሉም ደወልሽ አሉ። ምን አሉሽ?» አለኝ። ነገርኩት፤ ወገብ፣ እድሳት፣ እናት።

«እመቤቴ፣ እኔ ቦርሳ ተሸካሚ ነኝ» አለ። «በሩ ሲከፈት አንቺ ልጁን ልታስተካክዪ ጎንበስ ትያለሽ። የሰዎቹን ፊት የማየው እኔ ነኝ፤ በትከሻሽ በላይ።»

«ምን ታያለህ?»

«መንገዱ ተከፈተ» ብሎ ነዳ።

ሐሙስ 5፣ አዲስ ወር

የዳኛ አስተማሪ ደውላ ልጅቷ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ እንደሚጥላት ስለነገረችን ከሰዓት በኋላ እትዬ ጋ ሄድኩ። ከዚያች የዝናብ ቀን ወዲህ ቤታቸውን ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው።

ሕፃኗ ጆሮዋን አሟት ሌሊት ሙሉ ታለቅሳለች። ቤቱ ያው አንድ መኝታ ክፍልና ሳሎኑ ነው፤ አንዱ ሲያለቅስ ሁሉም ይነቃል። አርባ የተማሪ ቀሚስ ይዘው ነበር፤ አሥራ ሁለት ሰፍተው የቀረውን ጨርቅ ባለቤቱ መጥቶ ወስዶታል። የስፌት መኪናው ላይ የሕፃን ልብስ ተሰጥቷል። እትዬ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ፀጉራቸው ሳይበጠር፣ ሻይ ላፍላልሽ ብለው ብድግ አሉ። ሕፃኗ ትከሻቸው ላይ፣ ዳኛ ጎናቸው ላይ እንደተለጠፈች «እትዬ፣ ከበደዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«ምን ይከብዳል፤ ልጅ ነው እኮ» አሉ። ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

ዳኛ ደብተሯን አምጥታ ዘረጋችልኝ። በየቀኑ አንድ ጭረት፤ ሃያ ዘጠኝ።

«አሥራ አራት ብለሽ ነበር» አለችኝ።

«ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ውሸት ነው ወይስ ስህተት?»

«ዳኛ! በእንግዳ ላይ!» አሉ እትዬ።

ስህተት ነው አልኳት። «ስህተት ከሆነማ ይታረማል» ብላ ደብተሯን ይዛ ሄደች። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

ቢሮ ተመልሼ «ቤቱ ጠንካራ ነው፤ ድካም ይታያል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሁለተኛውን ሰረዝኩት። ድካም ይታያል ካልኩ ክቡን ቢጫ ላደርገው ነው፤ ቢጫ ካደረግኩት ሕፃኗን ላነሣት ነው፤ ካነሣኋት ወዴት ልወስዳት ነው።

ሰኞ 9

ደብዳቤ መጣ። ለእኔ አይደለም፤ ለቢሮው። የእትዬ ጽሑፍ እንደ ስፌታቸው ቀጥ ያለ ነው። «ያሉኝን ሁለት ልጆች በሠላሳ ቀን ውስጥ እንድትረከቡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ሁለቱንም። ሕፃኗን ብቻ ቢሉ እኮ ይገባኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዳኛ ከዚህ ቤት ከወጣች አራተኛ ቤቷ ልትሆን ነው፤ ያ ሁሉ ወሬዋ፣ ያ ሁሉ ፍርዷ ተመልሶ ሆዷ ውስጥ ሊገባ ነው። እትዬም ከእሷ ተለይተው እንዴት ሊያድሩ። ቀልቤ ተገፈፈ፤ የቀኑን ሥራ ምን እንደሠራሁ አላውቅም።

ኃላፊው ወደ ሰሌዳው ሄዶ አሥራ አንድን ሳይነካ ተመለሰ። «ሠላሳ ቀን አለን» አለ። «ይህች ቤት ከሄደች ሌላውን ሁሉ ተዪው።»

ማክሰኞ 10

ምን ዓይነት ሰው ነኝ።

በትክክል ልጻፈው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሄድኩ፤ ትምህርት ቤት የሚለቀቅበት ሰዓት መሆኑን አውቃለሁ። አላውቅም ብል ውሸት ነው። ዳኛ ቤት ብትኖር እትዬ ይራራሉ ብዬ ነው የሄድኩት። ይህን ለራሴ ያልኩት አይመስለኝም፤ እግሬ ግን ሰዓቱን ያውቀዋል፣ ዘጠኝ ዓመት ለምዶታል።

ገብቼ ተቀመጥኩ። ዳኛ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር። «እትዬ፣ ስለ ደብዳቤው» ብዬ ጀመርኩ። እጃቸውን አንሥተው ሊያስቆሙኝ ሞከሩ። አልቆምኩም። «ሕፃኗስ እሺ፣ ዳኛንም ነው ይመልሱልን ያሉት?» አልኩ።

 

ዳኛ እርሳሷን አስቀመጠች። ማንንም አላየችም። ወደ መኝታ ክፍል ገብታ ሻንጣዋን እየጎተተች ተመለሰችና በሩ አጠገብ አቆመችው። ከዚያ ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች። ይህን እንደምታውቅበት ያስታውቃል።

እትዬ ሕፃኗን አልጋ ላይ አስተኝተው መጡና ፊት ለፊቴ ቆሙ። በአራት ዓመት ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም፤ ዛሬም አላደረጉም።

«አሁንም በልጅ ፊት» አሉ። «ይችን ስታመጪ ጠይቀሽኝ ነበር? ከዚያ በፊት የነበሩትን ጠይቀሽኝ ነበር? አምጥተሽ ነው እንጂ አንድ ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም። ልጅ ዓይን ዓይኔን እያየኝ ምን ልበል? ይሉኝታዬን ይዘሽ ነው የምትመጪው። እኔ እንቢ የምል ሰው ብሆን ኖሮ፣ ይህችን ልጅ በራሴ አፍ እሺ ባልኩባት ነበር። እሷም ትሰማው ነበር።»

ከዚያ ዳኛ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጡና ራሷን ወደ ደረታቸው ሳቡት። «አንቺን አይደለም፣ ዳኛዬ። አንቺን አይደለም» ይሏታል። ልጅቷ ግን ደርቃለች። እኔ መቼ እንደወጣሁ አላውቅም። ሾፌሩ ፊቴን አይቶ ምንም ሳይጠይቀኝ ነዳ።

ረቡዕ 11

ሥራ ገባሁ። ሰው አናገርኩ። የመውጫ ቅጾቹን ከመሳቢያ አውጥቼ ስምንቱንም አነበብኩ። ወገብ፣ እድሳት፣ እናት፣ ተመስገን። ከስምንቱ ስምንቱም በር ላይ ልጅ ታቅፌ የደረስኩባቸው ናቸው። አፍሬያለሁ። ማፈሬን የምነግረው ሰው ግን የለኝም፤ ለእህቴ ብነግራት ስለ ክፍሉ ታነሣብኛለች።

ዓርብ 13

የሕፃኗን መዝገብ እንደገና ከፈትኩ። «በዕድሜ የገፉ»። አድራሻው እዚያው አለ፤ ከቢሮው በእግር ሃያ ደቂቃ።

ፀጉር አስተካካይ ናቸው። ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው! ማን ነው ያስረጃቸው? አንድ ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጠው መቀስ ያንቀጫቅጫሉ። ልጅ ሳልይዝ፣ ባዶ እጄን ሰው ፊት ስቆም እጄን ምን እንደማደርገው ጠፋኝ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው መቀሱ ቆመ።

«አምስት ሳምንት ሙሉ» አሉ። «ልጄን ሆስፒታል እየሄድኩ እጠይቃለሁ፤ ‹ሕፃኗ ተይዛለች፣ ደህና ናት› ይሉኛል። ማን ያዛት ስል ስልክ ይሰጡኛል፤ ስልኩ ሌላ ስልክ ይሰጠኛል። ምነው፣ ሰው አይደለሁም?»

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። መጀመሪያ እርስዎ ጋ መምጣት ነበረብኝ።»

ደንበኛው በመስተዋቱ ውስጥ ዓይኑን ወደ እኔ ወደ እሳቸው ያመላልሳል፤ ግማሽ ራሱ ተላጭቶ የት ይሄዳል።

ከዚያ የመጣሁበትን ጠየቅኩ። ማሳደግ ይችሉ እንደሆነ። ጆሮዋን እንደሚያማት፣ እንቅልፍ እንደማትሰጥ፣ መቼ እናቷ እንደምትነሣ እንደማይታወቅ፣ ሁለት ሳምንት እንዳልሆነ። «አይሆንም ቢሉኝም ቅር አይለኝም» አልኩ። ይህን አራት ቃል ለማውጣት ምላሴ ተሳሰረ። አይሆንም ቢሉ ሌላ ምንም አልነበረኝም።

«ሦስት ቀን ስጪኝ» አሉ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን «ሕፃኗ እኮ...» እል ነበር። ዝም አልኩ። ደንበኛው «እኔንስ ጋሼ?» አለ፤ ያኔ ሁላችንም ሳቅን።

ሰኞ 16

ጋሼ ራሳቸው ቢሮ ድረስ መጡ። ታናሽ ልጃቸው አብራቸው ልትኖር ተስማምታለች፤ ጠዋት ጠዋት እሷ፣ ከሰዓት በኋላ እሳቸው። ቅድመ ሁኔታ ግን አስቀመጡ። በየሳምንቱ አንድ ሰው እንዲመጣ፣ የሐኪም ቀጠሮውን እኛ እንድንይዝ፣ ሕፃኗን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እናቷ የምንወስድበት መኪና እንዲኖር። «ማንም ሳያስጨንቀኝ ነው እሺ የምለው፤ ስለዚህ ልጨቀጭቃችሁ እችላለሁ» አሉ። ኃላፊው ሁሉንም ጻፈ። እንዲህ አጥብቆ የሚጠይቅ ሰው ቀድሞ ቢመጣብኝ «አስቸጋሪ ቤት» ብዬ ቀይ ክብ ነበር የምስልበት።

ቅዳሜ 21

ሕፃኗ ሄደች። እትዬ የሰፉላትን ትንንሽ ልብስ አጥበው፣ ተኩሰው፣ የመድኃኒቷን ሰዓት በወረቀት ጽፈው አስረከቡ። ጋሼ ለእትዬ እጅ ነሡ። ሕፃኗን ሲያቅፏት እንደማላለቅስ እርግጠኛ ነበርኩ።

ዳኛ በመኝታ ክፍሉ በር ቆማ አየችን፤ አልቀረበችም። ስለ ደብዳቤው ምንም አልተነፈስኩም። ልጅ ፊት ነበር። ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ።

እሑድ 22

የልጄን ክፍል መጻሕፍት በካርቶን አደረግኩ። አቧራ ስለበዛባቸው ነው።

ማክሰኞ 24

ለእትዬ ደወልኩ። «ዳኛ ትምህርት ቤት ሳለች አንድ ሰዓት ቢሰጡኝ? ካልፈለጉ አልመጣም» አልኩ። «ሐሙስ ጠዋት» አሉ።

ሐሙስ 26

ጠየቅኳቸው። ከደጁ አልነበረም፤ ተቀምጬ፣ ሻይ ቀርቦልኝ፣ ዓይናቸውን እያየሁ። ይቅርታም ጠየቅኩ፤ አጭር ነበር፣ ረጅም ይቅርታ ሌላ ሸክም ይሆንባቸዋል። «ዳኛን ማሳደግ ይፈልጋሉ? ካልፈለጉ ጊዜ ወስደን፣ እርስዎም እያዩዋት የምትሄድበትን ቤት እፈልጋለሁ። ከፈለጉ ሌላ ልጅ ወደዚህ ቤት አይመጣም፤ እርስዎ ደውለው ካልጠሩን በቀር። በጽሑፍ ይዤዋለሁ።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። አነበቡት፣ አጣጠፉት።

«ላስብበት» አሉ።

እሺ ብዬ ተነሣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ምን ያህል መዞር እንዳማረኝ ራሴ ነኝ የማውቀው። ኃላፊው «ምን አሉ?» ሲለኝ «ያስባሉ» አልኩት። «አልገፋሻቸውም?» አለ። አልገፋኋቸውም አልኩት። እንደታመመ ሰው አየኝ።

ሰኞ 30

አልደወሉም። ስልኩን ከእጄ አላወርድም። የማይደውል ሰው ደህና ነው እያልኩ ስኖር ዘጠኝ ዓመት ጨረስኩ፤ አሁን የማይደውል ሰው ምን እያሰበ እንደሆነ እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ሺህ ጊዜ ልሄድ ተነሣሁ። አልሄድኩም።

ሐሙስ 3፣ አዲስ ወር

እትዬ ራሳቸው ጠሩኝ። ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ዳኛ ትምህርት ቤት ሳለች። የስፌት መኪናው ላይ እንደገና ጨርቅ ወጥቷል።

«ደብዳቤውን መልሺልኝ» አሉ። «ዳኛ ትቆያለች። ትናንት አስቀምጬ ጠየቅኳት፤ አብረሽኝ ትኖሪያለሽ ወይ አልኳት። አንቺም ጠይቂኝ አለችኝ፤ እሷም ጠየቀችኝ። እሺ አልኳት። ሻንጣውን ራሷ አስገባችው።»

እንባዬ መጣ። አልደበቅኩትም። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ» ልል አፌን ስከፍት እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አደረጉ።

«አንድ ነገር ግን አለኝ።»

«ይበሉ እትዬ። የፈለጉትን።»

«ካሁን በኋላ ሊጠይቀን የሚመጣው ሰው ሌላ ይሁንልኝ። አንቺ አትምጪ።» ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ከዚያች ቀን ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ልጅቷ አልጋ ሥር ትገባለች። ጎረቤትም ይሁን፣ ጨርቅ የሚያመጣው ሰውዬም ይሁን፣ ‹እሷ ናት?› ትለኛለች። ‹አይደለችም› ልላት እፈልጋለሁ። ሁልጊዜ፣ ሳልዋሽ።»

ሰዓቱን አየሁ። ዳኛ ለመመለስ ገና ብዙ ሰዓት ነበራት፤ ቢሆንም ቶሎ ተነሣሁ። እሺ አልኩ። እትዬ እስከ በሩ ሸኙኝ፤ ትከሻዬን ሳሙኝ። ሾፌሩ «ምን ሆነ?» አለኝ። «ትቆያለች» አልኩት። መሪውን መታ በደስታ። የቀረውን አልነገርኩትም።

ቢሮ ገብቼ የሠራተኛ መለወጫ ቅጽ ሞላሁ። ቤቱን ለአዲሷ ሠራተኛ አስረከብኳት፤ ደውለሽ ሂጂ፣ ሁልጊዜ ደውለሽ አልኳት። «ለምን ተለወጠ» የሚለው ቦታ ላይ መጀመሪያ «በሥራ ብዛት» ብዬ ጻፍኩ። ያንን ሰርዤ «አሳዳጊዋ ስለጠየቁ» አልኩ። በአራት ዓመት ውስጥ የጠየቁኝ ነገር ይህ ብቻ ነው።